እጁ ወገብሽ ላይ ምን ይሠራል?

ደብዳቤው

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከወላጆቼ ጋር የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለመጪው ጥር የሠርጌ ቀን ተቆርጧል። እኔና እጮኛዬ በሠርጋችን ላይ ዋልዝ የሚባለውን የጥንዶች ዳንስ መደነስ ስለፈለግን፣ እዚያው ግቢያችን ኮሙናል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የቦልሩም ዳንስ ትምህርት ጀመርን። ሰባት ጥንዶች ነን።

በሁለተኛው ቅዳሜ አስተማሪው ‹ዋልዝ ያለ አካል ንክኪ ዋልዝ አይደለም› አለና ለማሳያ እኔን ወደ መካከል ጠራኝ። እጁን ወገቤ ላይ አድርጎ ሆዴ ከሆዱ እስኪገጥም ድረስ ሳበኝ። ደንግጬ ወደ ኋላ ስሸሽ ሳቀና ‹ዛሬ ከገጠር እንደመጣች ሴት አትሁኚ› አለኝ። ሰዉም ሳቀ። እጮኛዬ ምንም አላለም። ማታ ግን ስልክ ደውሎ ‹ይቅርብን፤ ኬካችንን ቆርሰን ብንቀመጥ ይሻላል› አለኝ። አባቴ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ አክስቶቼም ምን እንደሚሉ ከአሁኑ አውቃለሁ።

ዳንሱን ግን ወድጄዋለሁ። አንድ ቀን ከእጮኛዬ ጋር ስንለማመድ፣ ሳናስበው ለጥቂት እርምጃ ያህል እንደ አንድ ሰው ሄድን። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ መልሰን ብንሞክረው ጠፋን። መነካካቱ ግዴታ ነው? ከሆነስ የቱ አካል ነው የሚነካው? ጥፋተኛው እርሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ ኋላ ቀር? እጮኛዬንስ ምን ልበለው?»

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ልጄ፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ዐይኔ ያረፈው አስተማሪው ላይ ሳይሆን፣ እንደዋዛ ጣል ባደረግሻት አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «ለጥቂት እርምጃ ያህል እንደ አንድ ሰው ሄድን»። ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ንዴቴን ልወጣ።

ዛሬ በየአገሩ በሚሰጠው የቦልሩም ዋልዝ ወገብ ላይ የሚያርፍ እጅ የለም። የወንዱ ቀኝ እጅ ቦታው የሴቷ ጀርባ ነው፤ ከግራ ብብቷ ዝቅ ብሎ፣ የትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንት ላይ፣ ጣቶቹ ተጋጥመው፣ ሳይጨብጥ። ወገብ የሚይዝ ሰው ዋልዝን የተማረው ከፊልም ነው። ፊልም ሠሪ የሚፈልገው ፍቅሩን ስለሆነ እጅ የትም ቢያርፍ ግድ አይሰጠውም። አስተማሪ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ግን ግድ ሊሰጠው ይገባል።

ሆድ ለሆድ መግጠምም የለም። እስኪ አስቢው፦ ሁለት ሰዎች ልክ ፊት ለፊት ገጥመው ቆመው አንደኛው ወደ ፊት ቢራመድ ጉልበቱ የት ይገባል? የሌላኛው ጉልበት ላይ ነዋ! ሰባታችሁም ጥንዶች እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ጉልበትና ጣት ስትጋጩ እንደዋላችሁ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። በዋልዝ ሁለቱም ሰዎች ከመካከል ጥቂት ወደየግራቸው ፈቀቅ ብለው ነው የሚቆሙት። የእርሱ ቀኝ እግር ሲራመድ በአንቺ ሁለት እግሮች መካከል ያልፋል፤ የአንቺም ቀኝ እግር ተራው ሲደርስ በእርሱ ሁለት እግሮች መካከል ያልፋል። አፍንጫ ከአፍንጫ አይገጥምም። አንቺ በእርሱ ቀኝ ትከሻ ላይ አሻግረሽ ትመለከቻለሽ፤ እርሱም በአንቺ ቀኝ ትከሻ ላይ። ስለዚህ የሚነካካ ነገር ካለ ቀኝ ጎን ከቀኝ ጎን ነው፤ ከታችኞቹ የጎን አጥንቶች አካባቢ ጀምሮ። ረጅም እርምጃ የሚራመዱት የውድድር ዳንሰኞች ዘንድ እስከ ጭን ሊወርድ ይችላል፤ ያ ግን የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው፤ የአንቺ የጥር ወር ጉዳይ አይደለም።

አባትሽን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከወዳጆቹ ጋር ሲገናኝ ተመልከቺው። ቀኝ እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ ቀኝ ትከሻውን ከወዳጁ ቀኝ ትከሻ ጋር ያጋጥማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ናፍቆት ካለ ሦስቴ። ሆድ ከሆድ አይገናኝም፤ ማንም በማንም ላይ አይደገፍም፤ ሆኖም ከመጨባበጥ የበለጠ ሰላምታ ነው። በዋልዝ ያለውን አቋቋም ለአገሬ ሰው ላስረዳ ስፈልግ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህንን ነው። በየግራ ፈቀቅ ብሎ በቀኝ መገናኘትን አባትሽ ከማናችንም በተሻለ ያውቀዋል።

የድሮ መምህራኖቼ «አምስት መነካኪያ አለ» ይሉ ነበር። የወንዱ ግራ እጅና የሴቷ ቀኝ እጅ፤ የወንዱ ቀኝ እጅና የሴቷ ጀርባ፤ የሴቷ ግራ እጅና የወንዱ የላይኛው ክንድ፤ የሴቷ ግራ ክንድና ከሥሩ የሚሸከመው የወንዱ ቀኝ ክርን። እነዚህ አራቱ እጅና ክንድ ናቸው። አምስተኛዋ ብቻ ናት ገላ፤ ያቺ የቀኝ ጎን። አስተማሪሽ አራቱን ዘሎ አምስተኛዋ ላይ ወጣ፤ እርሷንም ቢሆን ቦታዋን ስቶ።

ግዴታ ነው ወይ ላልሽው፣ ለሠርግና ለግብዣ ለሚደነስ ዋልዝ ግዴታ አይደለም። በሁለታችሁ መካከል የአንድ ስንዝር ክፍተት ትታችሁ፣ ክንዶቻችሁ ቅርጻቸውን ከጠበቁ፣ ሙሉውን ሙዚቃ አምሮባችሁ ትጨርሳላችሁ። ገላ ለገላ መገናኘት የሚጠበቀው በውድድር ነው፤ እዚያም ቢሆን ስታንዳርድ በሚባሉት በአምስቱ፣ ማለትም በዋልዝ፣ በታንጎ፣ በቪየና ዋልዝ፣ በፎክስትሮትና በክዊክስቴፕ ነው። ላቲን ከሚባሉት መካከል ሩምባና ቻቻቻ ሲጀመሩ ጥንዶቹ የሚቆሙት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ነው። ሩምባ ደግሞ የፍቅር ዳንስ እንደሆነ ሁሉም ሰው ይስማማል!

ታዲያ የዋልዝ ሰዎች ለምን ተጠጋጉ? ወሬ ቶሎ እንዲደርስ ነው። የዋልዝ ሙዚቃ በደቂቃ ከ84 እስከ 90 ምት ይሄዳል። የሒሳብ ሰው ነሽና አስይው፤ ለአንዱ እርምጃ የሚደርስሽ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ወንዱ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ እንደሚል፣ መቼ በእግሩ ጣቶች ከፍ እንደሚል ማወቅ አለብሽ። በእጁ ቢገፋሽ ወሬው በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በትከሻ እየዞረ ይመጣና ዘግይቶ ይደርሳል፤ በየመገጣጠሚያው ይላላል። ከጎን አጥንት ወደ ጎን አጥንት ግን መንገዱ አጭር ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ታውቂዋለሽ፤ እግሩ መሬት ሳይነካ ወዴት እንደሚያርፍ ታውቂዋለሽ። ንክኪው ያለው ለዚህ ሥራ ነው።

ክንድ ብቻውንስ ስንት ያደርሳል? ብዙ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ቁም ሣጥን ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ አይተሻል። አንዱ ከላይ ይይዛል፣ ሌላው ከታች። የታችኛው የላይኛውን ፊት አያይም፤ ሣጥኑ ጋርዶታል። ቢሆንም የላይኛው ሰው ደረጃውን ጨርሶ ማረፊያው ላይ ሲቆም የታችኛው ያውቃል፤ ክብደቱ በመዳፉ ይነግረዋል። አንደኛው ክንዱን ቢያላላ ግን ሣጥኑ ግድግዳ ይገጫል፣ ጣት ይጨፈለቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቃል እዚህ አይጻፍም። በዋልዝም ሁለት ሰዎች በክንዶቻቸው መካከል የማይታይ ቁም ሣጥን ይሸከማሉ። ያንን መሸከም ሳይማሩ ስለ ገላ ማውራት ከንቱ ነው።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገርሽ ልመለስ።

እኔ ዋልዝ የተማርኩት በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት ኪየቭ ተልኬ ሳለሁ፣ በተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የረዘመ። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአጎቶቼ በስተቀር ወንድ አቅፎኝ አያውቅም። አብሮኝ እንዲደንስ የተመደበው ልጅ ሲጠጋኝ ከወገቤ ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ ከሚነድ ምድጃ እንደሚሸሽ ሰው ሆኜ እደንስ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ሴትዮዋ «ተጠጊ» ብለው አያውቁም። በአገሩ ልጆች የሚጽፉባት አሥራ ሁለት ሉክ ያላት ቀጭን ደብተር ነበረች። እርሷን አመጡና በእኔና በልጁ ቀኝ ጎን መካከል አስገቧት። ትእዛዛቸው ሁለት ብቻ ነበር፦ እንዳትወድቅ፤ እንዳትጨማደድ።

ከወደቀች ተራርቀናል። ከተጨማደደች ተጣብቀናል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም እኩል ያስቆጣቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ደብተሯ የወለሉን አቧራ ስትጠርግ ከረመች። እግሬን ስመለከት ትወድቃለች፤ ሰው ወደ እግሩ ሲያይ መቀመጫው ወደ ኋላ ይወጣልና ክፍተቱ ይሰፋል። ልጁ ሲቸኩል ትወድቃለች። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እንዳትወድቅ ብለን ተጫንናት፤ ተጨማደደች፤ ሴትዮዋ ዝም ብለው አዲስ ደብተር አመጡ። ስንት እንደፈጀን አልቆጠርኩም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ሙዚቃው አልቆ ስንቆም፣ ሴትዮዋ ጎናችንን አመለከቱን። ደብተሯ እዚያው ናት፤ ጫፏ እንኳን አልታጠፈም። መኖሯን ረስተናት ነበር። በዚያ ምሽት ለመጠጋት ያደረግነው ምንም ነገር አልነበረም። ልጁ በገዛ እግሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም በገዛ እግሬ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ክንዶቻችን አልላሉም፤ በቃ። የቀረውን ክፍተት የዘጋው አቋማችን ነው።

አንቺና እጮኛሽ ሳታስቡት ያገኛችሁት ይህንኑ ነው። መልሳችሁ ስትሞክሩት የጠፋባችሁ ንክኪውን ራሱን ፍለጋ ስለሄዳችሁ ነው። አንዱ ደረቱን ገፋ፣ ሌላው ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ ሁለታችሁም ሚዛናችሁን ለቀቃችሁ። አስተማሪሽም በጉልበት ሊያገኘው የሞከረው በጉልበት የማይገኘውን ነገር ነው። ብትሸሺውም ባትሸሺውም ያን ቀን ዋልዝ አይወጣችሁም ነበር፤ ሁለታችሁም በገዛ እግራችሁ ላይ አልነበራችሁማ!

ወደ አገሬ ተመልሼ ጥቂት ዓመት ማታ ማታ አስተምሬያለሁ። እኔ ዘንድ በመጀመሪያው ወር ማንም ማንንም አያቅፍም ነበር። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይራመዳል፤ ወደ ፊት ሲሄድ ተረከዙን፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ጣቶቹን አስቀድሞ። ቀላል ይመስላል፤ ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የለመደውን መራመድ በሠላሳ ዓመቱ እንደገና ተማር ሲባል እንዴት እንደሚኮላተፍ ብታዪ! ቀጥሎ መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ መሄድ አለ። ከዚያ ክርን ለክርን ተያይዞ፣ በመካከል አንድ ሕፃን የሚያልፍበት ቦታ ትቶ። ሙሉው አያያዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ከክፍተት ጋር። ገላ ለገላ የሚባለው የመጨረሻው ክፍል ለሚፈልግ ብቻ፣ ከሚፈልገው ሰው ጋር ነበር። እስከዚያ ያልደረሱ ብዙ ተማሪዎቼ ዛሬም ድረስ በየግብዣው አሳምረው ይደንሳሉ። ጀማሪን በሁለተኛው ቅዳሜ ገላ ለገላ ማጣበቅ መሪ ጨብጦ የማያውቅን ሰው መገናኛ አደባባይ ላይ መኪና አስነድቶ እንደመልቀቅ ነው።

አስተማሪ ተማሪውን ፈጽሞ አይንካ አልልም። ዳንስ በቃል ብቻ አይነገርም፤ «ትከሻሽን ጣዪ» ተብሎ አሥር ጊዜ የማይገባው ነገር በሁለት ጣት ሲነካ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሥርዓት ግን አለው። «ጀርባሽን ልንካ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ይጠብቃል፤ የትኛውን ቦታ ለምን እንደሚነካ ይናገራል፤ ነክቶ ይለቃል። ለማሳያ የሚጠራው ሰው ትምህርቱ ሳይጀመር የተስማማ ሰው ነው። ጥሩዎቹ ደግሞ የራሳቸውን የዳንስ ጓደኛ ይዘው ነው የሚመጡት። አስተማሪሽ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። ለእኔ ከእጁ ይልቅ የከፋው ሳቁ ነው። እጁ ስሕተት ነበር፤ ሳቁ ግን መሸሽሽን በአሥራ ሦስት ሰው ፊት ነውር አድርጎ አቀረበው። ቀጥሎ የምትጠራዋ ሴት ከእንግዲህ ወደ ኋላ አትሸሽም፤ ሳቁን አይታለችና።

ሰውየው ክፉ ነው ወይስ ያላወቀ? ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ምናልባት ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ የተማረ፣ ያየውን የሚደግም ልጅ ይሆናል። መለያው ሲነገረው የሚሆነው ነው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት በፊት፣ ሌላው ሳይሰማ፣ እጮኛሽ አጠገብሽ ቆሞ እንዲህ በይው፦ «እጅ የሚቀመጠው የትከሻ አጥንት ላይ ነው፤ ወገቤን አትያዝ። ከመንካትህ በፊት ጠይቀኝ። ለማሳያም አትጥራኝ።» ፈገግታ አትጨምሪበት፤ እኛ ሴቶች ቁም ነገራችንን በፈገግታ የማለዘብ ልማድ አለን። ካፈረና ይቅርታ ከጠየቀ ተማሪበት፤ አላዋቂነት የሚድን በሽታ ነው። «ምን ታጋንኚዋለሽ» ካለሽ ግን የቀረውን ገንዘብሽን ጠይቀሽ ውጪ። ስትወጪም ለስድስቱ ሴቶች ንገሪያቸው፤ ኮሙናሉን ለሚያስተዳድረው ለነዋሪዎቹ ኮሚቴም ንገሪ። ለቅሶና ድግስ የሚደርስበት የጋራ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባቸዋል። ዳግመኛ እጁን እንዲያ ካሳረፈብሽ ደግሞ ጉዳዩ የዳንስ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ይሆናል።

እጮኛሽን በተመለከተ፣ «ምንም አላለም» ብለሽ በጻፍሽው ውስጥ ቅሬታ አየሁ። ልክ ነሽ፤ ሊናገር ይገባው ነበር። ግን «ይቅርብን» ያለው ባንቺ የተቆጣ ሰው አይመስለኝም፤ በራሱ ያፈረ ሰው እንጂ። ያን ቅጽበት ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም፤ ትምህርት ነው ወይስ ድፍረት የሚለውን ለመለየት እርሱም እንደ አንቺ ዋልዝን አያውቅም። ስለዚህ «ቀናህ እንዴ?» አትበይው። ያ ቃል በር ይዘጋል። ይልቅ እውነቱን ንገሪው፤ ያን ጊዜ ብትናገርልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እንናገራለን በይው። ከዚያ ደብተር አምጪ።

እውነቴን ነው። ቀጭን ደብተር ካላገኘሽ አንዲት የጋዜጣ ገጽ አራት ቦታ አጥፈሽ ተጠቀሚ። ቦታ የለም እንዳትዪኝ፤ ሶፋውን ግድግዳ ካስጠጋችሁ የወላጆችሽ ሳሎን ይበቃል፤ የዋልዝ የሣጥን እርምጃ (እግር ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን የሚሠራበት) ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አይሞላም። እርሱ በግራ እግሩ ወደ ፊት፣ በቀኙ ወደ ጎን፣ ግራውን ያጋጥማል፤ ከዚያ በቀኙ ወደ ኋላ፣ በግራው ወደ ጎን፣ ቀኙን ያጋጥማል። አንቺ የመስተዋቱ ተቃራኒ ነሽ፤ በቀኝሽ ወደ ኋላ ትጀምሪያለሽ። ለመጀመሪያው ሳምንት ክርን ለክርን ብቻ ተያያዙ። ደብተሯ ከሁለተኛው ሳምንት ትግባ።

ይህንንም እናትሽ ቡና እያፈላች፣ አባትሽም ዜናውን እየተከታተለ አድርጉት። ብዙ ቤት ያየሁት ነገር ነው፤ ተደብቆ የተለመደ ዳንስ ሠርግ ላይ ድንገት ሲወጣ ወላጅ ይደነግጣል። ደብተር ሲወድቅ፣ ስትደነቃቀፉ፣ ሙሽራው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ሲያልበው ያየ ወላጅ ግን ነውር የሚያይበት ዐይን አይተርፈውም። ምናልባት አባትሽ ራሱ ክንዱን ከፍ እንዲያደርግ ያርመው ይሆናል።

ኋላ ቀር ነኝ ወይ ስላልሽው፣ ዋልዝ ለንደን ሲደርስ የሆነውን ላውጋሽ። በ1816 (እ.ኤ.አ.) በንጉሡ አባቱ ፈንታ ይገዛ የነበረው እንደራሴ ልዑል በሰጠው ግብዣ ላይ ዋልዝ መደነሱን የሰማው ታይምስ ጋዜጣ፣ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ለዚህ ተላላፊ በሽታ እንዳያጋልጡ አስጠነቀቀ። ቅሬታው ገላ ከገላ መጠጋጋቱ ነበር። ታንጎ ወደ አውሮፓ ሲመጣ ደግሞ በ1913 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም መኮንኖቹ የደንብ ልብስ ለብሰው እንዳይደንሱት ከለከለ። የአክስቶችሽ ሐሜት ትልልቅ ቤተ ዘመዶች አሉት ማለት ነው።

አንቺ ያደግሽው በእስክስታ ነው። እዚያ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው በትከሻ ይጠያየቃሉ፣ በዐይን ይመላለሳሉ፣ ነጠላቸው እንኳን ሳይነካካ ይግባባሉ። ወሬው በዐይን ይደርሳል። በጎን አጥንት የሚደርስ ወሬ ለሰውነትሽ አዲስ ቋንቋ ነው፤ አዲስ ቋንቋ የሚኮላተፍበትን ሰው ኋላ ቀር የሚለው አስተማሪ ብቻ ነው ኋላ ቀር። አዲስ አበባም ብትሆን ለዋልዝ እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በራስ ሆቴልና በጊዮን ሆቴል ባንድ እየተጫወተ ጥንዶች ይደንሱ ነበር፤ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ነው የሌሊቱን ጨዋታ የበተነው። ከአክስቶችሽ መካከል ዕድሜዋ የገፋውን ነጥለሽ ጠይቂያት። መልሷ ካስደነገጠሽ ለእኔም ጻፊልኝ።

ቬሎ ትለብሻለሽ ብዬ እገምታለሁ። ከሥሩ የሽቦ ክብ ያለው ከሆነ ከወገብ በታች ማንንም አያስጠጋም፤ እጮኛሽ ቢፈልግ እንኳን ጉልበቱ ከሽቦው አያልፍም። አባትሽም አክስቶችሽም የሚያዩት ክንድና ትከሻ ብቻ ይሆናል። ችግሩ ሌላ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቬሎ ውስጥ እርምጃው ማጠር አለበት፤ ወደ ኋላ የምትሄጂው ደግሞ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከመከራየትሽ በፊት እዚያው መደብሩ ውስጥ፣ የሠርግሽን ጫማ አድርገሽ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተራመጂ። ተረከዝሽ ጨርቁን ከረገጠ ሌላ አምጡልኝ በይ። አዳራሹ ውስጥ ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፍ ከሆነም፣ ዋልዙ ላይ ስትደርሱ ጠቅልለው እንዲያነሱት ለዲኮር ሠራተኞቹ ከዋዜማው ንገሪ፤ ምንጣፍ ላይ እግር አይዞርም።